እህቴ ወደ ጠፈር የላከችው ዳንቴል

እህቴ ወደ ጠፈር ዕቃ ልካለች፤ እኔ አልላክሁም። ነገሩን ከዚህ ብጀምረው ይሻላል። ያን ሰሞን በምንኖርበት የናይሮቢ ሰፈር፣ በሳውዝ ሲ፣ የሚያውቀን ሐበሻ ሁሉ ስለ ሮኬቱ ሲያወራ፣ እኔን ውስጥ ውስጡን የሚበላኝ ይኼ ብቻ ነበር።

የላከችው መዳፍ የሚያህል ነጭ ዳንቴል ነው፤ በገዛ እጇ የሠራችው። ይዛላት የወጣችው ደግሞ እኔ ያገኘኋት፣ እኔ ያስተዋወቅኋት፣ "እንደምን አደርሽ" ማለትን እንኳ እኔ ያስተማርኳት ሐኪም ናት። ቅናተኛ ነሽ የሚለኝ ካለ አልከራከርም።

ሐኪሟ የውጭ አገር ሰው ናት። ስደተኛ በሚበዛበት አንድ የናይሮቢ ክሊኒክ ሁለት ዓመት ስትሠራ አስተርጓሚዋ እኔ ነበርኩ። የአስተርጓሚ ሕግ አጭር ነው፦ አትጨምሪ፣ አትቀንሺ። በሽተኛው "ሆዴን ያመኛል" ካለ፣ እኔም በእንግሊዝኛ "ሆዴን ያመኛል" እላለሁ እንጂ "ሆዱን ያመዋል" አልልም። በሁለት ዓመት ውስጥ ያልታመምኩት በሽታ፣ ያላማጥኩት ምጥ የለም። ሐኪሟም በእኔ አፍ ትቆጣለች፣ በእኔ አፍ ታጽናናለች። ንግግሯ ሲረዝምብኝ እጄን አነሳና "እዚህ ላይ ላቁምሽ" እላታለሁ፤ በሽተኛውም እንዲገባው በአማርኛ ነው የምለው። ታቆማለች። የያዝኩትን አራግፌ ስጨርስ ዓይኔን አይታ ትቀጥላለች። ባልና ሚስት እንኳ እንዲህ አይናበቡም እል ነበር። ኩራቴ ልክ አልነበረውም።

እህቴ ከአዲስ አበባ መጥታ እኔ ዘንድ የገባችው በዚያው ጊዜ ነው። ስድስት ዓመት እበልጣታለሁ፤ ዛሬም "እትዬ" ነው የምትለኝ። መልካችን አይገናኝም፤ ድምፃችን ግን አንድ ነው። እናታችን በሕይወት ሳለች ስልክ ስታነሳ "የትኛዋ ነሽ?" ሳትል ወሬ አትጀምርም ነበር። እህቴ በናይሮቢ ሚኒባስ፣ በማታቱ፣ ብቻዋን መሳፈር ስለምትፈራ ከሰዓት በኋላ ከአንዲት ጎረቤታችን ጋር ክሊኒክ ትመጣና፣ ሥራ እስክጨርስ ወረፋ ከሚጠብቁት መሐል ተቀምጣ ዳንቴል ትሠራለች። እጇ አያርፍም። ቤታችን ውስጥ ዳንቴል ያልለበሰ ነገር የለም፤ ቴሌቪዥኑ፣ የሶፋው ክንድ፣ የውኃ ጀሪካኑ ሳይቀር።

አንድ ቀን ከመድኃኒት ክፍሉ ስመለስ ሐኪሟን እህቴ አጠገብ ቁጭ ብላ አገኘኋት። ኪሮሹ በሐኪሟ እጅ ነው፤ ክሩን እህቴ ይዛላታለች። ሁለቱም እንባቸው እስኪወርድ ይስቃሉ።

"ምን አለችሽ?" አልኳት እህቴን።

"ምንም።"

ሐኪሟንም በእንግሊዝኛ ጠየቅኋት። ምንም አልተባባሉም። እነዚህ ሁለት ሰዎች ያለ እኔ ሲግባቡ ያየሁት ያን ቀን ነው። የእኔ ሥራ ቃል ነው። ቃል ካላስፈለጋቸው እኔ ምን ልሠራላቸው ነው?

ያም ሆኖ ሐኪሟ ምስጢሯን መጀመሪያ የነገረችው ለእኔ ነው። አንድ ቀን ከክሊኒክ ስንመለስ ሁለታችን ብቻ በእሷ መኪና ነበርን፤ ሞምባሳ መንገድ እንደ ልማዱ ተዘግቶ ቆመናል። መሪውን በሁለት እጇ እንደያዘች፣ ወደ ፊት እያየች፣ ጠፈርተኛ ለመሆን ማመልከቻ እንዳስገባች ነገረችኝ። ከት ብዬ ሳቅኩ።

"አንቺ? ናይቫሻ ስንሄድ ሁለቴ ያስመለሰሽ?"

እሷም ሳቀች። ከዚያ ፊቷን ወደ መስኮቱ መለስ አደረገችና እስክንደርስ ድረስ ስለ ክሊኒኩ ወረፋ አወራን። ነገሩ ቀልድ ሆኖ ያለቀ መሰለኝ።

አላለቀም። ከወራት በኋላ አንድ ቅዳሜ ምሳ እኛ ቤት እየበላን መመረጧን ተናገረች፤ ለእህቴም እንድነግራት ጠየቀችኝ። እኔም በሕጉ መሠረት በሐኪሟ አፍ ነገርኳት። "ጠፈርተኛ እንድሆን ተመርጫለሁ። ሥልጠናውን ካለፍኩ፣ ምድርን የሚዞር፣ ሰው የሚኖርበት ጣቢያ አለ፤ እዚያ እሄዳለሁ።"

እህቴ ያጎረሰችኝን ጣቷን ጠረገችና፣ ቅንጣት ሳትደነቅ፣ "ስትሄጂ ዕቃ ትይዥልኛለሽ" አለች።

በዓይኔ ቆነጠጥኳት፤ አላየችኝም። መቼም እኛ የሚሄድ ሰው ካየን ዝም አንልም። አዲስ አበባ የሚሄድም ይሁን ከአዲስ አበባ የሚመጣ፣ "ትንሽ ናት፣ አትከብድም" እየተባለ ሦስት ኪሎ በርበሬ ይሸከማል። ሐኪሟ ራሷ ለእረፍት አገሯ ስትሄድ ለማታውቃቸው ሐበሾች ሽሮ አድርሳ ታውቃለች፤ ያስያዘቻት እህቴ ናት። ከመሄዷ በፊት ታዲያ ሁልጊዜ ወደ እኔ ዞራ "አንቺስ ዕቃ የለሽም?" ትለኛለች። እኔም ሁልጊዜ "የለኝም" እላታለሁ። አለማስቸገሬ ጨዋነት ይመስለኝ ነበር። ከእህቴ የምለይበት ማዕረግ ይመስለኝ ነበር።

ሕግ ነውና የእህቴን ጥያቄ ተረጎምኩላት፤ እንደ ቀልድ እንድትወስደው ግን ፈገግ ብዬ ነው። ሐኪሟ ፈገግ አላለችም። እጇን ከትሪው አንስታ እህቴን እያየች "ቃል እገባለሁ" አለች። ያን ቃል ወደ አማርኛ ያሻገርኩት እኔው ነኝ፣ በገዛ አፌ። "ለእኔስ?" ማለት እችል ነበር። ግን በምን አፌ? አንዴ ስቄባታለሁ።

ሄደች። ሥልጠናው ዓመታት ፈጀ። ለእኔ በበዓል በበዓል የመልካም ምኞት ትጽፍልኛለች፤ ረጅም፣ በጨዋ እንግሊዝኛ የተጻፈ። ለእህቴ ግን የጀመረችውን ዳንቴል ፎቶ እያነሳች ትልክላት ነበር። ጠማማ ዳንቴል ነው። እህቴ የተበላሸው ቦታ ላይ ቀይ ክብ አድርጋ ትመልስላታለች፤ ከዚያ ልብ፣ አበባ፣ የሚስቅ ፊት ከወዲያም ከወዲህም ይጎርፋል። ስልኳ ጢን ባለ ቁጥር ዓይኔ ይቀላል። አንድ ጊዜ "ለመሆኑ ቁም ነገር ታወራላችሁ?" ብያታለሁ። "አናወራም" አለችኝ ደስ ብሏት።

አንድ ጠዋት እህቴ ስልኳን እያውለበለበች መኝታ ቤቴ ገባች።

"እትዬ፣ ረጅም እንግሊዝኛ ነው። አንብቢልኝ።"

አነበብኩላት። "ቃሌን አልረሳሁም። የግል ዕቃ የምይዝበት ትንሽ ቦርሳ ይሰጠኛል። ከአንቺ አንድ ነገር እይዛለሁ። በጣም ቀላል ይሁን። ዱቄት፣ ፈሳሽ፣ ስለት፣ ባትሪ አይሆንም።" መልእክቱን ወደ ታች ገፋሁት፤ ወደ ላይ መለስኩት። የእኔ ስም የለም። ሰላም በያት እንኳ የለም። ሳልጨምር ሳልቀንስ ተረጎምኩላት፤ ለመቀነስ ግን ምላሴን በልቶኛል።

"ሳዋ፣ እሺ! ዱቄት ካልሆነ በርበሬው ቀረ" አለች እህቴ። "ዳንቴል እልክላታለሁ። እዚያ ቴሌቪዥን ይኖራቸው ይሆን?"

"እዚያ ምንም ነገር ምንም ላይ አይቀመጥም፤ ሁሉም ይንሳፈፋል" አልኳት፣ ክፋት በተቀላቀለበት ደስታ። "ዳንቴልሽን ምን ላይ ልታነጥፈው ነው?"

እህቴ ቁጭ ብላ አሰበች። ዳንቴል ከታጠበ በኋላ አሚዶ ውኃ ውስጥ ተነክሮ ነው የሚሰጣው፤ ተዘርግቶ ቀጥ የሚለው በአሚዶው ነው። አሚዶ ደግሞ ሲደርቅ ይራገፋል፤ ስለዚህ ክልክል ነው።

"አሚዶ ከሌለው እዚህ ምድር ላይ እንኳ ይኮማተራል" አለች። "እዚያ ግን የሚጫነው ክብደት ከሌለ… ይዘረጋ ይሆን ወይስ ይጠቀለል?"

ከዚያ ቀን ጀምሮ ይህን ያልጠየቀችው ሰው የለም። መጋቢያችንን ጠይቃለች። የፓርክላንድሱን የክር ነጋዴ ጠይቃለች። የግቢያችንን ዘበኛ በተሰባበረ ስዋሂሊ ጠይቃዋለች፤ እሱም ከልቡ አስቦበት "ይጠቀለላል" ብሏታል። በዚህ ነገር እንቅልፍ ያጣችው እሷ ናት፤ ለዳንቴሏ እንደ ልጅ ነበር የምታስብለት።

ዳንቴሉም የሄደው እንደ ማንኛውም ዕቃችን በሰው እጅ ነው። ሐኪሟ ወዳለችበት አገር የሚበር አንድ የምናውቀው የአየር መንገድ ሠራተኛ ነበርና፣ ሁርሊንግሃም ሰፈር አንድ የሐበሻ ምግብ ቤት እንድንገናኝ ቀጠረን። የሄድኩት እኔ ነኝ፤ እህቴ ያን ቀን የእንግሊዝኛ ትምህርት ነበራት። ፖስታው ቦርሳዬ ውስጥ ነው። በመንገድ ላይ ሁለት ሐሳብ መጣብኝ። አንደኛው ፖስታውን ማታቱ ውስጥ መርሳት ነው፤ ይህን ለማሰብ አላፈርኩም። ሁለተኛው ደግሞ የራሴን ነገር አብሬ መክተት ነው። ቦርሳዬ ውስጥ ከክሊኒኩ ዘመን የቀረች፣ "አስተርጓሚ" የሚል የተጻፈባት ቀጭን የደረት ካርድ አለች፤ ከዳንቴሉ አትከብድም። አወጣኋት። ምግብ ቤቱ በር ላይ ቆሜ ፖስታውንም ካርዷንም ያዝኩ። ከዚያ "ሳልጠየቅ? በፍጹም!" አልኩና ካርዷን መለስኳት። ፖስታውን ሰጠሁት። ሻይም ጋብዤዋለሁ።

ሮኬቱ የሚነሳ ዕለት የጸሎት ቡድናችን ሰዎች ሳሎናችንን ሞሉት። ለስላሳ የማቀርበው እኔ ነኝ፤ የምትሳመው እህቴ ናት። "የእኛም ዕቃ አብሮ አለ እኮ!" ይላሉ አሮጊቶቹ። የእኛ! ሊነሳ ጥቂት ሲቀረው በአየር ጠባይ ምክንያት ለሌላ ቀን ተላለፈ ተባለ። ሰው ሁሉ "ወይኔ!" ሲል እኔን ደስ አለኝ። ጓዳ ገብቼ ብርጭቆ እያጠብኩ በጣም ደስ አለኝ። ወዲያው ደነገጥኩና ጸለይኩ፦ ጌታ ሆይ፣ እሷን በሰላም አድርሳት፤ ዳንቴሉ ግን በሆነ ምክንያት ቢቀር ፈቃድህ ይሁን። እንደዚህ ያለ ጸሎት ከዚያ በፊት ጸልዬ አላውቅም፤ እንዳይሰማኝም ፈርቻለሁ።

በሁለተኛው ቀጠሮ ተነሳ። እሳቱ ሲወጣ እህቴ እጄን ጨበጠችኝ፤ ላቧ መዳፌን አራሰው። ያን ደቂቃ ቅናቴ ጠፋ። ከእሳቱ በላይ የተቀመጠችው ናይቫሻ መንገድ ዳር ቁጭ ብዬ ጀርባዋን ያሻሸሁላት ሴት ናት። አለቀስኩ። ከኋላዬ አንዷ እናት "ዳንቴላችን እየሄደ ነው!" ብለው እልልታውን ሲለቁት እንባዬ ቀጥ አለ።

በማግሥቱ መንኮራኩሯ ከጣቢያው ጋር ተገጥማ በሩ ሲከፈት በእህቴ ስልክ አየን። ሐኪሟ በጠባቡ በር እየተንሳፈፈች ገባች፤ ፀጉሯ ቆሟል፣ ፊቷ አባብጧል፣ እዚያ የነበሩት አንድ በአንድ አቀፏት። እህቴ የምትፈልገው ግን ሌላ ነበር። ስክሪኑን በሁለት ጣቷ እያሰፋች ግድግዳውን ሁሉ ፈተሸች።

"ዳንቴሉስ?" አለች። አልታየም።

ከጥቂት ቀናት በኋላ ለእህቴ አጭር መልእክት መጣላት፤ ይኼንንም የተረጎምኩት እኔው ነኝ። "እደውልልሻለሁ። የማታውቂው ቁጥር ይሆናል፤ አንሺው። ከዚህ ወደ እናንተ መደወል ይቻላል፤ ወደዚህ መደወል ግን አይቻልም።" ከዚያ በኋላ እህቴ ስልኳን ከእጇ አላወጣችም። መታጠቢያ ቤት በፌስታል ጠቅልላ ይዛ ትገባለች፤ ቤተ ክርስቲያን በጸሎት መሐል አንድ ዓይኗን ገልጣ ታየዋለች። እኔም የራሴን ስልክ በድብቅ አይ ነበር።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ዝናቡ ድንገት ወረደ። ያን ጠዋት አንሶላዎቼን አጥቤ ጣራው ላይ አስጥቻለሁ። እህቴ "እትዬ፣ አንሶላሽ!" ብላ ኪሮሿን ጣለችና በባዶ እግሯ ደረጃውን ሮጠች። ስልኳ ሶፋው ክንድ ላይ፣ ዳንቴሉ ላይ ቀረ። ጠራ።

ረጅም፣ ቅጥ ያጣ ቁጥር ነው። ጣራው ከእኛ በላይ ሁለት ፎቅ ነው፤ ከደረጃው ሥር ሆኜ ብጣራ ትሰማኛለች። ይዤው መሮጥም እችል ነበር። አነሳሁት።

"ሃሎ፣ እህቴ?" አለች ሐኪሟ በአማርኛ። እህቴን "እህቴ" ነው የምትላት። እኔን እንደዚያ ብላኝ አታውቅም።

"አቤት" አልኩ።

ያ "አቤት" ከአፌ ሲወጣ ውሸት መሆኑን አውቄዋለሁ። ዕድሜዬን ሙሉ በሌላ ሰው ቦታ "እኔ" እያልኩ እንጀራ በልቻለሁ፤ ባለቤቱ ግን ሁልጊዜ አጠገቤ ተቀምጦ ይሰማኝ ነበር።

ድምፁ ደርሶ እስኪመለስ ጥቂት ይዘገያል። "ደህና ነሽ?" አለች። "እኔ ደህና ነኝ። ራሴን አሞኝ ነበር፣ አሁን ተሻለኝ። ስለ ዳንቴሉ እነግርሻለሁ፤ በጣም የሚገርም ነው! ግን መጀመሪያ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። እህትሽ አለች?"

"የለችም" አልኩ።

"ጥሩ" አለች። ጥሩ አለች! "እሷ ሳትሰማ ነው የምፈልገው። ተቀይማኛለች?"

"ለምን ትቀየምሻለች?"

በክሊኒኩ ዘመን ከእኔ አፍ በለቀመችው አማርኛ፣ ቃል ሲጠፋት ደግሞ ለእህቴ በሚገባት ቀላል እንግሊዝኛ እየሞላች፣ ቀስ ብላ ቀጠለች። "አላውቅም። መጀመሪያ የነገርኩት ለእሷ ነበር። 'ሂጂ' እንድትለኝ ፈልጌ ነበር። ሳቀች። ከዚያ በኋላ እሷ ፊት ስለዚህ ነገር ማውራት ፈራሁ። ሁለት ዓመት ሙሉ 'ዕቃ የለሽም?' አልኳት። አንድም ቀን ምንም አልሰጠችኝም። አንቺ በመጀመሪያው ቀን ጠየቅሽኝ። ቦርሳዬ ውስጥ ቦታ ይዤላት ነበር፤ ትንሽ ቦታ፣ የአንቺን ያህል። 'የእኔንም ያዥልኝ' ትለኛለች ብዬ እስከ መጨረሻው ቀን ጠበቅኋት። እኔ ብለምናት አዝናልኝ ትሰጠኛለች፤ ያንን አልፈለግሁም። ቦታው ባዶውን መጣ። እሺ፣ አሁን ስለ ዳንቴሉ። ዳንቴሉ እዚህ ሲወጣ…"

"እዚህ ላይ ላቁምሽ" አልኩ።

አስቤ አይደለም። እጄም ተነስቷል፤ ባዶ ሳሎን ውስጥ መዳፌን ዘርግቼ ቆሜያለሁ። የያዝኩት ሲበዛብኝ ሁልጊዜ የምለው ይኼንኑ ነው፤ ከዚያ በላይ አንዲት ቃል መሸከም አልቻልኩም።

አቆመች። የመዘግየቱ ጊዜ አለፈ።

"አንቺ ነሽ" አለች በመጨረሻ።

"ዶክተር፣ እኔ…" ስል መስመሩ ተቋረጠ። ጣቢያው ሲዞር አንዳንዴ እንዲህ ይቋረጣል ይላሉ። እንደዚያ ነው ብዬ ለማመን እሞክራለሁ።

እህቴ አንሶላዎቼን ደረቷ ላይ ታቅፋ ገባች። ፀጉሯ በስብሷል፤ አንሶላዎቹን በጀርባዋ ከልላ ከዝናብ አውጥታቸዋለች። "አልረጠቡም!" አለች እየሳቀች። ከዚያ ስልኳን እጄ ላይ አየችው።

"ደወለች?"

"ደወለች።"

"ታዲያ ለምን አልጠራሽኝም?"

ነገርኳት። እንደ ሕጉ ነገርኳት፤ "አቤት" ማለቴን፣ "የለችም" ማለቴን፣ የተባልኩትን ሁሉ ሳልጨምር ሳልቀንስ። ስለ ባዶው ቦታ ስነግራት ታዝንልኛለች ብዬ ነበር። አላዘነችልኝም። አንሶላዎቹን እንደታቀፈች ሶፋው ጫፍ ላይ ተቀመጠችና ስልኩን፣ ከዚያ አፌን አየች። ያን አስተያየት አውቀዋለሁ፤ ዓመታት ሙሉ ስልኳ ጢን ሲል እኔ የማያት እንደዚያ ነው። እህቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀናችብኝ። እድሜ ልኬን የተመኘሁት ይኼን ነበር፤ ሲመጣ ግን ፊቷን ማየት አቃተኝ።

"እሺ" አለች አንሶላዎቹን አጠገቧ አስቀምጣ። "ስለ ዳንቴሉስ ምን አለች? ተዘረጋ ወይስ ተጠቀለለ?"

"ተዘርግቷል፣ አሚዶ እንደጠጣ ቀጥ ብሏል" ልላት እችል ነበር። ማን ያውቅብኛል? እንዴት ደስ ይላት ነበር። አፌን ከፈትኩ።

"አላስጨረስኳትም" አልኳት።